ከቆዳው ጠልቋል ወይ?

የሳምንቱ ንባብ፦ ዘሌዋውያን 13፥1-8፤ ዘጸአት 22፥10-11፤ ማርቆስ 1፥40-45



ዘሌዋውያን 13 ብዙዎቻችን ዘለነው የምናልፈው ምዕራፍ ነው። ስለ ቆዳ በሽታ ነው የሚያወራው፤ እብጠት፣ ብጉር፣ ቋቁቻ፣ ለምጽ እያለ ይዘረዝራል። "ይሄ ለኔ ምን ይረባኛል?" ብሎ ወደ መዝሙረ ዳዊት የሚሄድ ሰው አይፈረድበትም። በዚህ ሳምንት ግን እስቲ ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ካህኑ የሚያደርገውንም ልብ በሉ። አንድ ሰው ቆዳው ላይ ምልክት ወጥቶበት ይመጣል። ካህኑ አይጮህበትም። "ምንም የለብህም፣ ሂድ" ብሎም አይሸኘውም። ቀርቦ ያየዋል። ጠጉሩ ነጥቷል ወይ? ምልክቱ ከቆዳው ጠልቋል ወይስ ላይ ላዩን ነው? ላይ ላዩን ከመሰለው ሰባት ቀን ያቆየዋል። በሰባተኛው ቀን እንደገና ያያል፤ ካልሰፋ ሌላ ሰባት ቀን ይጨምርለታል። ከዚያ ደብዝዞ ካገኘው ሰውየው ልብሱን ያጥባል፤ ንጹሕ ነው። ለአንዲት ነጠብጣብ አሥራ አራት ቀን!

ይህን ያነሣሁት በመዘምራን ጊታር ምክንያት ነው። ያልሰማችሁ ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ጊታሩ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ታሞ ነበር። ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው ስለተነሡ የሚጫወቱት ልጆች ጣታቸው እስኪቆስል ይጫኑ ነበር። ክሮቹ የሚታሰሩበት ብሪጅም ከኋላው መላቀቅ ጀምሮ ነበር። መታመሙ አይገርምም። ጊታር የሚሠሩ ሰዎች ለእንጨቱ የሚመክሩት የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው፤ እዚህ ካኩማ ግን ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ሥር ያለውን አየር ታውቁታላችሁ። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ብረት ግን ከእንጨቱ ጋር አይኮማተርም። ስለዚህ አንገቱ ላይ የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ጫፋቸው ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል። በዚያ ላይ ስድስቱ የብረት ክሮች ባንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትታሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀንና ሌሊት ብሪጁ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያድር ቁጠሩት።

በዚህ ምክንያት ወደ ፉንዲ ተላከ። ፉንዲው ያገራችን ሰው አይደለም፣ አማርኛም አይችልም፤ ሥራው ግን ይህ ነው። ጊታሩ ተመልሶ ሲመጣ ክሮቹ ዝቅ ብለዋል፣ ብሪጁ ጠብቋል፣ ድምፁ ከላይ እስከ ታች ተቃንቷል። ግን ድምፅ ከሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ የጣት ርዝመት ያህል ጭረት አለ። ብሪጁ ጥግም ሙጫው ሲጠረግ ቫርኒሹ ተፍቆ አንድ ቦታ ደብዝዟል። ስንልከው እነዚህ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። አንዱ "ቀሪውን ግማሽ ብር አንከፍልም" አለ። (እዚህ ስንት ዓመት ኖረንም ሽልንጉን "ብር" ማለት አልተወንም።) ሌላው ስቲከር እንለጥፍበት አለ። ሌላው ደግሞ ነውር ያለበት ነገር በእግዚአብሔር ፊት አይቀርብም ብሎ ጥቅስ አወጣ። አንዲት እህታችን አለቀሰች፤ ለእሷም የተሰጣት መልስ "አገር ጥለሽ መጥተሽ ለእንጨት ታለቅሻለሽ?" የሚል ነበር።

ከዚህ ከመጨረሻው ልጀምር። እንዲህ ብለህ የተናገርክ ወንድሜ፣ የተናገርከው እውነት ይመስላል፤ ግን ትክክል አይደለም። ሰው ቤቱን፣ ከብቱን፣ ወገኑን ሲያጣ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት አያለቅስም። መሮጥ አለ፣ ልጅ ማዘል አለ፣ ሰልፍ መያዝ አለ። እንባው ተቀምጦ ይቆይና አንድ ቀን በተሰበረ ስኒ ወይም በተጫረ ጊታር ላይ ይወርዳል። ደግሞ እዚህ የምንበላው በሌላ ሰው መዝገብ ነው፣ የምንኖርበትም መሬት የኛ አይደለም። ያ ጊታር ግን በየእሑዱ ከተዋጣች ሳንቲም የተገዛ የራሳችን ዕቃ ነው። ከልጅ እኩል በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚያድረው። የራስ የሆነ ነገር ጥቂት ሲሆን እያንዳንዱ ጭረት ይታያል። 2ኛ ነገሥት 6 ላይ መጥረቢያው ውሃ ውስጥ የገባበት ሰው ሲጮኽ ኤልሳዕ "ለብረት ትጮኻለህ?" አላለውም። የወደቀበትን ቦታ ጠየቀው። ሰውየውም አሳየው።

እኛም ቦታውን እንይ። ጊታር ያላችሁ ወጣቶች፣ ለራሳችሁም ይጠቅማችኋል። ጊታሩን በቀን ብርሃን አውጡት፣ ጭረቱን በጥፍራችሁ አቋርጡት። ጥፍራችሁን ካልያዘው ቫርኒሹ ላይ ብቻ ነው። ከያዘው ገና አትደንግጡ፤ የስልካችሁን መብራት በቀዳዳው አስገብታችሁ በውስጥ በኩል ያንኑ ቦታ ተመልከቱ። ውስጥም መስመር ከታየ ያ ጭረት አይደለም፣ ስንጥቅ ነው፤ በዚህ ድርቀት ይሰፋል፣ ዛሬውኑ ወደ ፉንዲው መመለስ አለበት። ቀጥሎ በጣታችሁ አንጓ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት፣ ክሮቹንም አንድ በአንድ ምቱ። የሚንጣጣ ወይም የሚያቃጭል ድምፅ ካለ የላላ ነገር አለ። የኛን ጊታር እንዲህ አድርገን አየነው። ውስጡ ንጹሕ ነው፣ የሚያቃጭልም የለውም። ከዚያ የጭረቱን ርዝመት በክር ለክተን ክሩን አስቀመጥን፤ ሰባት ቀንም ልጆቹ ተጫወቱበት። በሰባተኛው ቀን ክሩን ስንዘረጋ ያው ነው። አልሰፋም። የጆሮ ነገር ከሆነ ደግሞ እንዲህ ያለ ጭረት በድምፁ ላይ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

በአፋችን ግን ሰፍቷል። መጀመሪያ ቀን "ጊታሩ ተጭሯል" ነበር ወሬው። በሦስተኛው ቀን "ፉንዲው አይረባም" ሆነ። ሳምንቱ ሳያልቅ "እነዚህ ሰዎች እኮ ሁሉም እንዲህ ናቸው" የሚል ቃል ውሃ መቅጃው ጋ ተሰማ። የጣት ርዝመት የነበረው ጭረት አንድ ሕዝብ አከለ! ወገኖች፣ ካህኑ የሚጠብቀው ይህንኑ ነው፤ በሰባተኛው ቀን የሚመለከተው መስፋት አለመስፋቱን ነው። ካኩማ ከ1992 ጀምሮ የብዙ አገር ሰው ባንድ ቧንቧ የሚቀዳበት ቦታ ነው። እዚህ "እነዚህ ሰዎች" የሚል ቃል የት ሊያደርስ እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ልጆቻችን ባንድ ክፍል ተቀምጠው ይማራሉ። ከምላሳችን የሰሙትን ነገ እዚያው ይደግሙታል።

ታዲያ ዝም ይባል? አይባልም። ካህኑ ምልክቱን አልደበቀም፤ ስቲከርም አልለጠፈበትም። (በነገራችን ላይ ስቲከር በዚህ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ የባሰ ያበላሻል። የጥርስ ሳሙና ትንሽ ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ቫርኒሹ የማያብለጨልጭ ዓይነት ከሆነ ግን ያሹት ቦታ ብቻውን ያበራል።) ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንላለን። ማቴዎስ 18 ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ብቻውን ሄዶ ለባለ ጉዳዩ እንዲነግር ያዝዛል። ብቻህን ነው የሚለው፤ ከነመዘምራኑ አይደለም። ቋንቋ ካስቸገረ ስዋሂሊ የሚችል አንድ ረጋ ያለ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። በመጀመሪያ የሠራውን አመስግኑ፤ ለማባበል ሳይሆን እውነት ስለሆነ። ዘጸአት 31 የባስልኤልን የእጅ ሙያ ከእግዚአብሔር መንፈስ ጋር ያያይዘዋል፤ የሰው እጅ ጥበብ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ "ፉንዲ፣ ይቺ ስንሰጥህ አልነበረችም፣ እንዴት መጣች?" በሉት። ይህን ማለት ጠብ አይደለም።

መልሱን ለመስማትም ተዘጋጁ። ጊታሩ በቦዳ ቦዳ ሄዶ በቦዳ ቦዳ ነው የመጣው፣ በስስ ቦርሳ፣ በዚያ መንገድ። የደበዘዘው ቦታ የጥገናው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ጭረቱን ግን ማንም ሲደረግ አላየም። ዘጸአት 22 ላይ ስለ አደራ ከብት የተጻፈውን አንብቡ። ባልንጀራው ዘንድ ያስቀመጠው ከብት ማንም ሳያይ ጉዳት ቢደርስበት፣ ጠባቂው በእግዚአብሔር ፊት ይምላል፤ ባለቤቱም ይቀበላል፤ ካሣ የለም። ሕጉ "ማን ያውቃል" የሚባለውን ቦታ ለጥርጣሬ አልተወውም። ምስክር ከሌለህ የሰውየውን ቃል ትቀበላለህ። ከባድ ነው። ግን ያለዚህ ማንም የማንንም ዕቃ በአደራ አይቀበልም ነበር። ወደፊት ዕቃ ስትሰጡ በስልክ ፎቶ አንሡ፣ ከሁሉም በኩል፣ እሱም እያየ። ይህ እሱንም ይጠብቀዋል።

ስለ ቀሪው ክፍያ ያለኝ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ይከፈል። የታዘዘው ሥራ ተሠርቷል። ለደበዘዘው ቦታ ቅናሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ፊት ለፊት ጠይቁ፣ እምቢ ካለም ክፈሉ። ዝም ብሎ ሂሳብ ይዞ መቅረት ግን ሌላ ነው። ዘሌዋውያን 19 የሠራተኛን ደመወዝ እስከ ነገ ማሳደርን እንኳ ይከለክላል፤ እኛ ሁለተኛ ሳምንታችንን ይዘናል። እሱም እንደኛ ልጆች አሉት፣ እሱም በካርድ ነው ራሽን የሚቀበለው።

ጥቅስ ያወጣው ወንድማችንም መልስ ይገባዋል፣ ምክንያቱም ጥያቄው የፌዝ አይደለም። ዘሌዋውያን 22 ነውር ያለበት እንዳይቀርብ የሚለው ስለ መሥዋዕት እንስሳ ነው። በሚልክያስ 1 እግዚአብሔር የተቆጣባቸው ሰዎች ደግሞ በመንጋቸው ደህናው እያለ ዕውሩንና አንካሳውን ያመጡ ነበሩ። ደህናውን ደብቀን የተጫረውን አላመጣንም። ያለን አንድ ጊታር ነው። በመዝሙር 137 በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ስደተኞች በገናቸውን ዛፍ ላይ የሰቀሉት በገናው ተጭሮ አልነበረም።

አሁን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ወረቀት ያለ ቦታው እንዳይውል ስለምፈራ። ነገ አንዱ ይህን ይዞ ወደ ቆሰለ ሰው ሄዶ "ጭረት ነው፣ እለፈው" እንዲል አልፈልግም። ካህኑ ጥልቁንም ላይ ላዩን አይለውም። ባሏ የት እንደደረሰ ሳታውቅ ዓመታት ያለፏት እህት፣ በመንገድ ላይ በደላላ እጅ የደረሰበትን ለማንም ያልተናገረ ወንድም፣ እዚሁ ካምፕ ውስጥ በምታውቀው ሰው የተጎዳች ልጅ፣ ይህ ከቆዳ የጠለቀ ነው። በሰባት ቀን አይደበዝዝም። በሕጉ መሠረት ለምጻም የተባለ ሰው ከሰፈር ውጭ ብቻውን ይቀመጥ ነበር፤ ማርቆስ 1 ላይ የምናነበው ሰው እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው። ጌታ ኢየሱስ አስቀድሞ በእጁ ነካው፤ የነጻው ከዚያ በኋላ ነው። ቀጥሎም ወደ ካህኑ ላከው፣ ቀርቦ እንዲያየው።

ሐሙስ ከጸሎት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎችና ሁለት እናቶች ከኋላ ባለችው ክፍል ይቆያሉ። የተነገራቸው ከዚያ ክፍል አይወጣም። አማርኛ ለማይቀልላችሁ የሚያስተረጉም ሰው አለ። ለቀሪው ክፍያ ማዋጣት የምትፈልጉ ለመዘምራን ገንዘብ ያዥ ስጡ፤ ዓርብ ለፉንዲው ይደርሳል።