አናኮስቲያ ለተመደብከው መርከበኛ

ልጄ፣ ግሬት ሌክስ ላይ የባሕር ኃይል ሥልጠናህን ጨርሰህ መርከብ ስትጠብቅ፣ ዋሽንግተን ዲሲ የባሕር ኃይሉ የክብር ዘብ ውስጥ መመደብህን ሰማሁ። አኩርፏልም አሉኝ። ባሕር ለማየት የገባ ልጅ ወንዝ ዳር ጫማ ሲወለውል ቢውል ማኩረፉ አይፈረድበትም። ከ1931 ጀምሮ በዚያ ክፍል ያለፉት ሁሉ በደስታ የገቡ እንዳይመስልህ። እኔ በቺፍ (የባሕር ኃይል የበታች ሹም) ማዕረግ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያየኋቸው ጎበዞች አብዛኞቹ መጀመሪያ አኩራፊዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ከሌሎቹ ይልቅ አንተን ይከብድሃል። ያደግከው እድር ባለበት ቤት ነው። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ሲያለቅስ አብሮ ማልቀስ ወግ ነው፤ ዓይኑ ሳይረጥብ ከለቅሶ ቤት የወጣ ሰው ይታማል። አርሊንግተን መካነ መቃብር ወታደር ስትቀብሩ የምትጠየቀው ተቃራኒውን ነው። ፊትህ አይንቀሳቀስም፣ ዓይንህ አይባዝንም። ይህን ጭካኔ የሚሉት አሉ፤ እኔ አልለውም። ባለቤቷ የሞተባት ሴት አንተ ስታለቅስ ካየች የራሷን ሐዘን ትታ አንተን ልታባብል ትነሣለች። አንተ ጸንተህ ስትቆም እሷ እንደልቧ ታለቅሳለች። እንባው ከመጣብህ፣ በኋላ ስትመለሱ አውቶቡስ ውስጥ አውጣው፤ ማንም አይስቅብህም።

ባንዲራውን በተመለከተ ጥቂት ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የሬሳ ሳጥን ባንዲራ ወርዱ 5 ጫማ፣ ርዝመቱ 9 ጫማ ተኩል ነው። ከሳጥኑ በላይ ወጥራችሁ ይዛችሁ ሁለት ጊዜ በቁመቱ ታጥፉታላችሁ፤ ከዚያ ከባለመስመሩ ጫፍ ጀምሮ በሦስት ማዕዘን እየታጠፈ ይሄዳል። እጥፋቱ 13 ነው። መጨረሻ ላይ መታየት ያለበት ሰማያዊውና ከዋክብቱ ብቻ ነው። ቀይ ብቅ ካለ ሁሉም የመጨረሻውን አጣፊ ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት እጥፋቶች ነው፤ እዚያ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ ኋላ ማንም አያቀናውም። ስለዚህ አትቸኩል፤ በመዳፍህ ጎን ደልድለው።

በቀብሩ ላይ ስለሚተኮሰው የክብር ተኩስ የሚጠይቅህም አይጠፋም። ሰባት ጠመንጃ ሦስት ጊዜ ሲተኮስ 21 ስለሚሆን ሰው ከ21 ጊዜ መድፍ ጋር ያምታታዋል። መድፉ ለርእሰ ብሔር ነው። በትሕትና አስረዳና እለፍ።

ስትቆም ጉልበትህን አትቆልፍ፤ ደም ወደ ላይ መውጣት ያቅተውና ትወድቃለህ። የዲሲን ነሐሴ ገና አላየኸውም። ውሃውን ከዋዜማው ጀምረህ ጠጣ፣ ቁርስም ሳትበላ አትውጣ።

ባንዲራውን ለቤተሰብ የማስረከብ ተራ አንድ ቀን ይደርስሃል። ቃሉ የታወቀ ነው፤ በፕሬዚዳንቱ፣ በባሕር ኃይሉና በአመስጋኙ ሕዝብ ስም ነው የምትናገረው። «እግዜር ያጥናችሁ» ልበል ልበል ይልሃል፤ ያዘው። እሱን ቄሱ ይለዋል። ጎንበስ በል፣ ዓይናቸውን እያየህ ቀስ ብለህ ተናገር።

አርሊንግተን በሥራ ቀን ከ20 በላይ ቀብር ያስተናግዳል፤ ያንተም ክፍል በቀን ብዙ ጊዜ ይሰለፋል። ሬሳውን የሚሸኝ ዘመድ የማይገኝበት ቀብርም ያጋጥምሃል። እንዲህ ያለው እንኳ ብቻውን እንዳይሆን «የአርሊንግተን እመቤቶች» ከሚባሉት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ትገኛለች። እኔ መርከበኛን የምመዝነው እንዲህ ባለው ቀብር ላይ ነው። ጄኔራልና ካሜራ ባለበት ማን የማይቆም አለ?

እናትህ «ልጄን ቀባሪ አደረጉት» ማለቷ አይቀርም። አትከራከራት። የድሪል ቡድናችሁ ሕዝብ ፊት ጠመንጃ እያሽከረከረ ትርኢት ሲያሳይ ጋብዛት። ዳቦ ጋግራ መጥታ ቡድኑን በሙሉ ካላበላች፣ ቺፍ አልነበርክም በለኝ።