የሰውነት ሐቅ



ውጭ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ሲያወጋን የሰዉን ሰውነት አያያዝ ሳያነሳ አይቀርም። «ሆላንድ ከሰዉ ብዛት የብስክሌቱ ይበልጣል» ይለናል። ጃፓን የሄደው ደግሞ በ1928 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረውና ዛሬም በየማለዳው በሬዲዮ ስለሚተላለፈው የሰውነት ማፍታቻ ይነግረናል፤ አዛውንቶች ሳይቀሩ መናፈሻ ወጥተው አብረው ይሠሩታል። ከዚያ «እነሱ ጎበዞች፣ እኛ ሰነፎች» ብለን ወጉን እንዘጋለን።

ግን ቆም ብለን እናስብ። የሆላንድ ሰው ብስክሌት የሚነዳው ከእኛ የበለጠ ቆራጥ ስለሆነ ብቻ አይደለም። መሬቱ ሜዳ ነው፤ መንገዱም ለብስክሌት ተሠርቶለታል። በሌላ በኩል ጄሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣ የገጠር እናታችን ቀኑን ሙሉ በእንቅስቃሴ ላይ ናት፤ ስፖርተኛ የሚላት ግን የለም። እሷ የጎደላት እንቅስቃሴ ሳይሆን እረፍት ነው።

ዲናችን ሰውነትን የሚያየው በሐቅ ሚዛን ነው። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን እየጾመ ሌሊቱን እየሰገደ እንደሚያሳልፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሰሙ ጊዜ፣ ሰውነቱም ዓይኑም ሚስቱም በእሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው አስታወሱት። ልብ በሉ፤ ይህ ሰሃባ ሰነፍ አልነበረም። የተነፈገው የሰውነቱ ሐቅ እንቅልፍና እረፍት ነበር፤ የነፈገውም በኢባዳ ምክንያት ነው። ለኢባዳ እንኳ ይህ ከተባለ፣ ለሌላው ሥራማ እንዴት ይሆን?

አሁን ወደ ቀጠር እንሂድ። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየካቲት (ፌብሩዋሪ) ወር ሁለተኛው ማክሰኞ የስፖርት ቀን ተብሎ ሥራ ይዘጋል፤ ሰዉ እንዲንቀሳቀስ። በዚያው አገር በበጋው ሙቀት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ ክልክል ነው፤ ሠራተኛው እንዲያርፍ። በአንድ አገር አንዱ ሰውነት ተንቀሳቀስ መባል ያስፈልገዋል፤ ሌላው ደግሞ እረፍ መባል። የቤት ውስጥ ሠራተኛዋን ግን ያ የፀሐይ ሕግ አይደርስላትም። እመቤቲቱ ጂም ደርሳ ስትመለስ፣ ከፈጅር በፊት የተነሳችው እህታችን ገና እንደቆመች የምትሆንበት ቤት አለ።

ጣታችንን ወደ ዐረብ አገር ለመቀሰር ግን አንቸኩል። እዚህ አዲስ አበባ ስንቶቻችን ማለዳ ሮጠን ስንመለስ ቁርሱ ቀርቦ፣ የትናንቱ ቱታ ታጥቦ እናገኘዋለን? ያቺ ልጅ ስንት ሰዓት ተኛች? የኔ ሰውነት ጤና በሌላ ሰው ድካም ላይ ከቆመ፣ የሰውነትን ሐቅ ተወጣሁ ማለት እችላለሁ?

«እከፍላታለሁ እኮ» የሚል ይኖራል። መክፈል ግዴታ ነው፤ ደመወዝ የሚገዛው ግን ሥራዋን እንጂ ሰውነቷን አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእጃችን ሥር ያሉ ሰዎች ወንድሞቻችን መሆናቸውን፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭንባቸው፣ ከጫንንም እንድናግዛቸው አስተምረውናል። እናቶቻችንና እህቶቻችንማ ደመወዝም የላቸውም።

ይህን ስል ስፖርት ተዉ ማለቴ አይደለም። ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይልቅ አላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን፣ በሁለቱም ውስጥ ኸይር እንዳለ ከሐዲስ እናውቃለን። ሩጡ፣ ዋኙ፣ ክብደት አንሱ። ግን ብርታቱ ለምን ይውላል? ጂም ውስጥ 40 ኪሎ የሚያነሳ ክንድ ቤት ውስጥ 20 ሊትር ጄሪካን ማንሳት አያቅተው። ከሩጫ ስትመለሱ ላብ የነካውን ልብስ ራሳችሁ እጠቡት። ቤታችሁ ያለችው ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ እረፍት ከሌላት፣ ከዛሬው ጁሙዓ ጀምሮ ይኑራት። ቤቱ የወላጆቻችሁ ከሆነም በአደብ ንገሯቸው፤ የዚያን ቀን ሥራዋን እናንተ ያዙት።

አላህ ለሰውነታችን ዓፊያን፣ ለሌላውም ሰውነት የምትራራ ልብን ይወፍቀን። አሚን።