ፊት ለፊትና ጓሮ

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት እንደገባሁ አንድ ሥራ ተሰጠኝ። ውጭ አገር ያለው ታላቅ ወንድሜ ገንዘብ ልኮ ኖሮ «ግቢው እንደገና ይሠራ፤ ፕላኑን የተማረው ያውጣ» ብሏል። የተማረው እንግዲህ እኔ መሆኔ ነው። እርሳስና ማስመሪያ ይዤ ከእናቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከፊት ለፊት ሣርና ጽጌረዳ፣ ከበሩ እስከ ደረጃው የሲሚንቶ ንጣፍ። ወደ ጓሮው ስንደርስ ግን እናቴ «እሱን ተወው፤ ማን ያየዋል?» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ያቺ ጥያቄ ናት።

ባልንጀሮቼ፣ የኛ ግቢ እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ግቢ ነው። ፊት ለፊት አንድ ያረጀ ጽድና ባዶ መሬት አለ። ጓሮ ደግሞ ጭስ ያጠቆረው ማድ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ፣ ሁለት ሰርቪስ ክፍል፣ የዕቃ እጣቢ የሚጠጣ የጎመን መደብ፣ ጌሾ፣ ጤና አዳም፣ ኮሰረት። ለጠላው ጌሾው፣ ለቅቤው ኮሰረቱ፣ ለቡናው ጤና አዳሙ ከዚያ ነው የሚቆረጠው። እንግዳ ፊት ለፊት ይገባል፤ የሚቀርብለት ሁሉ ግን ከኋላ ነው የሚመጣው።

ቋንቋችንም ለፊት ለፊት ያደላል። ፊት ለፊት የሚናገር ሰው ሐቀኛ ነው ይባላል፤ በጓሮ በር የገባ ደግሞ ሥራ ያገኘው በዘመድ ነው። በግቢ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ጓሮ አይዋሽም። የአንድን ቤት አኗኗር ማወቅ የፈለገ ሰው ጓሮውን ይይ።

ታዲያ ለዓይን ብቻ የሚሠራ ግቢ መሥራት ነውር አለው ወይ? በዚህ ነገር ካንትን ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም (የፍልስፍና ተማሪ አመል ነውና ይቅር በሉኝ)። ካንት እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ስለ ዳኝነት ችሎታ በሚናገረው ሂሱ የአንድ ቤተ መንግሥት ምሳሌ ያመጣል። «ያምራል ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሕዝብን ላብ በከንቱ ነገር ላይ የሚያፈሱትን ታላላቆች ሊወቅስ ይችላል፤ ወቀሳው እውነት ቢሆንም የተጠየቀው ግን ይህ አልነበረም፤ ጥያቄው ሲያየው ደስ ይለዋል ወይ ነው፣ ይላል። በዚያው መጽሐፍ የመናፈሻ ሥራን ከሥዕል ጋር ይመድበዋል፤ ሣርን፣ አበባንና ዛፍን ለዓይን ብሎ ማቀናጀት ነውና።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተረታሁ። እውነት ነው፤ ውበት ሌላ፣ ላብ ሌላ። ቆይቼ ሳስበው ግን የካንት ሰው ከሌላ ሰው ቤተ መንግሥት ፊት የቆመ ተመልካች ነው። ቤቱ ተሠርቶ አልቋል፤ ላቡም ፈሷል። እኔ ግን ተመልካች አይደለሁም፤ እርሳሱ በእጄ ነው። «ያምራል» የሚል ሰው ላቡን ወደ ጎን ቢተው ምንም አይደል። «ይሠራ» የሚል ሰው ግን መተው የሚችል አይመስለኝም፤ ላቡ ገና አልፈሰሰማ!

የኛን ሣር እንቁጠረው። ስድሳ ካሬ ሜትር ነው የያዝኩለት። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ብቻ ብንሰጠው መቶ ሰማንያ ሊትር፣ ይኸውም ባለ ሃያ ሊትር ዘጠኝ ጀሪካን ነው። ሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሌሊት ነቅቶ በርሜል የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ወንድሜ አይደለም። እኔም አይደለሁም፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ዶርሜ እመለሳለሁ። እትዬ ናቸው፤ ቤታችን ከሚሠሩ አሥር ዓመት ያለፋቸው ሴት። ሣሩን አረንጓዴ የሚያደርጉት እሳቸው፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን «እንዴት ደስ ይላል!» የምንለው እኛ።

ሲሚንቶውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። አፈሩ ይጠጣው የነበረውን ዝናብ ንጣፉ አይጠጣውም፤ ያሳልፈዋል። ግቢያችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከበታች ያሉት ጎረቤታችን በር ድረስ ይወርዳል። ቤቱ የኛ ነው፤ የከተማ ቦታ ግን ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ካርታ አያነብም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ አወራሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አባትህ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ የት ነበር የተተከለው?» አለችኝ። ፊት ለፊት ነበር። ዕድርተኛው ሦስት ቀን የተቀመጠው እዚያ ነው፤ የእህቴም ሠርግ የተደገሰው እዚያው። እናቴ «ማን ያየዋል?» ስትል ለታይታ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ለሷ ፊት ለፊቱ ግቢ የሰው ነው፤ ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ መጥረግና ማሳመር ደግሞ አክብሮት ነው። እንዲያውም በዚህ በኩል የእናቴ ባዶ መሬት ከወንድሜ ሣር ይሻላል፤ ሣሩ ድንኳን አይችልም፤ ጽጌረዳውም የለቀስተኛ እግር አይችልም። ስለዚህ ሣሩን ወደ አንዲት ጥግ አሳነስኩት፤ መካከሉን ጠጠር አልኩት፤ ጠጠር ውሃም ያሰርጋል። እዚህ ድረስ ተስማማን።

ቀጥሎ በራሴ በጣም ረክቼ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ፊት ለፊትና ጓሮ የሚባል ልዩነት ይጥፋ! ከጽዱ ሥር አግዳሚ ወንበር ይሠራና እትዬ ሥራ ሲጨርሱ እንደማንም ሰው እዚያ ይቀመጡ። ስለ እኩልነት ብዙ የምናወራ ልጆች አይደለን? እናቴ ምንም አላለችም። እኔም ማድ ቤት ገብቼ ወረቀቱን ለራሳቸው አሳየኋቸው። በአሥር ዓመት ውስጥ ስለ ግቢው እሳቸውን የጠየቀ ሰው ሲኖር የመጀመሪያው ነበር መሰለኝ፤ ያፈርኩትም ያኔ ነው።

እትዬ እጃቸውን በመቀነታቸው ጫፍ እየጠረጉ አዩትና ሳቁ። «እዚያ ተቀምጦ ማን ሊያርፍ ነው ልጄ? በሩ ሲንኳኳ እኔ፣ እንግዳ ሲመጣ እኔ። ጓሮ ስሆን እኮ ነው ማንም የማያየኝ። ይልቅ የልብስ ማስጫዋን ገመድ ከጥላው አውጣልኝ፤ ክረምት ክረምት አልደርቅ ብሎ ሁለቴ ነው የማጥበው።»

እንግዲህ እኔ እንደ ንቀት የቆጠርኩት የማይታይ ቦታ ለሳቸው ማረፊያ ኖሯል። ወንበሩን ወደ ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር አዞርኩት። የገመዱ ነገር ግን አስቸገረ። ጓሮው ከቀትር በፊት ፀሐይ አያገኝም፤ ገመዱ ፀሐይ እንዲያገኝ ከቤቱ ጎን ወጥቶ እስከ ጽዱ መድረስ አለበት፤ ያ ደግሞ ከበሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናቴ «እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው አንሶላ ይሁን?» ብላ ተቆጣች። እትዬ ሰምተው ዝም አሉ።

ወንድሜ የፕላኑን ፎቶ ላክልኝ ብሎ ሁለቴ ጽፎልኛል። ሌላውን ሁሉ በቀለም አስምሬ ጨርሻለሁ፤ ገመዱ ግን እስከዛሬ በእርሳስ ነው።