ፍሬንና ሰንበት በሊማሊሞ ሥር

ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን የወረደ አሮጌ መኪና ዛሪማ ሲገባ ከሞተሩ ድምፅ ቀድሞ የሚታወቀው በጠረኑ ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ጠረን ሩቅ ይሄዳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ብርድ ልብስ በሚያስፈልግበት ደጋ ተቀምጣለች። ዛሪማ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ በቆላው ሙቀት ውስጥ ናት። በሁለቱ መካከል በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን ፈልጦ የተሠራው ጥምዝምዝ መንገድ አለ። መንገዱን የሠሩት ሰዎች ሲወጡ ቋንቋቸውን ለመካኒኮቹ ትተውላቸው ሄዱ፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ክሪክ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ጥላ ሥር ቆሟል። በቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ፔዳሉ ከሾፌሩ እግር ሥር ሰምጧል፤ በማርሽ ይዞ፣ እየጸለየ ነው የደረሰው። ነገ ጠዋት ሰው ጭኖ ወደ ደባርቅ ይመለሳል። ረዳቱ ክሪኩን አውጥቶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይወትፋል። በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ቆም ብለው ያዩና፣

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ ሰንበት ናት» ይሉታል።

«አባባ፣ ፍሬኑ እኮ አልያዘም» ይላል ሾፌሩ።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በሁለቱ እውነት መካከል ያለው ጥያቄ በዚህ አገር ከመኪና በፊት ስድስት መቶ ዓመት ያህል ሰው ያሳደደ፣ ያስታረቀና ያከራከረ ጥያቄ ነው።

ሌላው ዓለም ቅዳሜና እሁድን የዕረፍት ቀን ያደረገው በፋብሪካ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ሁለቱን ቀኖች ያጣመረው ሃይማኖት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1273 እስከ 1352 የኖሩት አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሁድ ሰንበት ሆና እንድትከበር አስተማሩ። በዚህም ተቃውሞ ገጥሟቸው ከአገር ወጡ፤ ያረፉትም በአርመን ነው። ደቀ መዛሙርታቸው ከክህነት ተገልለው ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ክርክሩ የተቋጨው እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሸዋ ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ላይ በጠሩት ጉባኤ ነው። ከዚያ በኋላ ቀዳሚት ሰንበትና ሰንበተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆሙ። እንግዲህ ዛሪማ ላይ የቆሙት ሽማግሌ ከራሳቸው አልተናገሩም፤ ከኋላቸው ጉባኤ አለ።

ከጉባኤውም በፊት መጽሐፍ አለ። መጽሐፈ ኩፋሌ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ምዕራፉም በሰንበት የተከለከለውን ይዘረዝራል። እሳት ማንደድ፣ እርሻ ማረስ፣ መንገድ መሄድ፣ በእንስሳ ጀርባ መቀመጥ፣ በመርከብ መጓዝ ሁሉ በውስጡ ናቸው፤ ቅጣቱም ሞት ነው። ዝርዝሩን አስተውሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። ኩፋሌ ከጥገናው በፊት የሚይዘው ጉዞውን ነው። ሽማግሌው ያስቆማቸው ክሪኩ ነው፤ እሁድ ሊደረግ የታቀደውን ጉዞ ግን ማንም አልጠየቀም። ብዙ ሰው ሰንበትን የሚያስታውሰው እጅ በግራሶ ሲጠቁር ሲያይ ነው። ተሳፍሮ ሲሄድ ትዝ አይለውም።

በዚህ ምድር ስለ ብረትና ስለ ሰንበት ከቤተ እስራኤል የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። በሰሜንና በወገራ፣ ማለትም በዛሬዎቹ ደባርቅና ዳባት ዙሪያ፣ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡት፣ የተሰበረውን የሚያቀኑት በአብዛኛው እነሱ ነበሩ። አርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ወናፉ ዝም ይላል። ወንዝ ወርደው ይታጠባሉ፣ ንጹሕ ልብስ ይለብሳሉ፣ እሳት ይጠፋል፣ ምግቡ ቀድሞ የተሰናዳ ነው። «ትእዛዘ ሰንበት» በሚባለው መጽሐፋቸው ሰንበት አካል እንዳላት ናት፤ በእግዚአብሔር ፊት ቆማ ለነፍሳት ትማልዳለች። ጎረቤቱ ገበሬ ማረሻው ሐሙስ ቢሰበር አርብ ሳይመሽ ማድረስ ነበረበት፤ ያለዚያ እስከ እሁድ ይጠብቃል። የአንጥረኛው ሰንበት ደንበኛውንም ቀን ቆጣሪ ያደርገው ነበር።

ያ ማኅበረሰብ ለዚህ ሙያው ያገኘው ምላሽ ግን ክብር አልነበረም። ብረት የሚያቀና እጅ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» ተብሎ ሲሰደብና ሲፈራ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። ቤተ እስራኤል በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ ኋላም በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ሄዱ። ብረት የመጠገኑ ሥራ ግን እዚሁ ቀረ። ዛሬ መኪና ሥር የሚተኛው ወጣት የዚያ ሙያ ወራሽ ነው። ሰንበቱን ግን አብሮ አልወረሰም።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ መኪናው ራሱ ነው። ቶዮታ «ሰባዎቹ» የሚባለውን የላንድክሩዘር ተከታታይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ1990 የመጣው 1ኤችዜድ የሚባለው ሞተሩ ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በናፍታ የሚሠራ ነው። ነዳጅ የሚረጨው በመካኒካል ፓምፕ ስለሆነ ችግሩን ለማግኘት ኮምፒውተር አይፈልግም፤ ኪያቤና ልምድ ካለ ዛፍ ሥርም ይጠገናል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚጠገን ነገር ሁልጊዜ ጥገና ይጠራል። ባሌስትራው ሲታሰር ኩሽኔታው ይጮኻል፣ እሱ ሲቀየር ራዲያተሩ ያንጠባጥባል። ከስድስቱ ቀን የተረፈው ሥራ ሁሉ ወደ ሰባተኛው ይፈሳል።

ፍሬኑ ለምን እንደሰመጠ ማወቅ ክርክሩን ያቀናዋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ ልክ 140 ዲግሪ ነው። ሾፌር ሊማሊሞን በዝቅተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ኃይል ይዞ ካልወረደና ፍሬኑን ብቻ ካመነ፣ ሙቀቱ ከዲስኩና ከታምቡሩ አልፎ ወደ ዘይቱ ይገባል። አሮጌው ዘይት ይፈላል። ዘይት ሲረገጥ አይጨመቅም፣ ተን ግን ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል የሚነካው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሳይጠገን ሰው ቢጭን ገደሉ ምስክር ነው።

ክርስቶስ በሰንበት የታመመ ሰው ሲፈውስ ይጠባበቁት ለነበሩት የተናገረው ቃል በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ይገኛል። አህያው ወይም በሬው ጉድጓድ ቢገባ በሰንበት ቀን ፈጥኖ የማያወጣ ማን እንዳለ ጠየቃቸው፤ መልስ አላገኘም። አይሁድም ከጥንት ጀምሮ ነፍስን ማዳን ሰንበትን እንደሚሽር ያስተምራሉ። በዚህ መሠረት የሾፌሩ መልስ ጸንቶ ይቆማል። ነገ የሰው ነፍስ የሚሸከም ፍሬን ዛሬ መጠገን አለበት። እንዲያውም ሳይጠገን መንዳት ሰንበትን ከማክበር የራቀ ነው።

ነገሩ ግን እዚህ አያበቃም። ስለ በሬና ስለ ጉድጓድ የሚናገር ሌላ ሕግ አለ፤ እሱም በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ነው። ሰው ጉድጓድ ቢከፍት ወይም ቢቆፍር፣ ባይከድነውና በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት፣ ዋጋውን የሚከፍለው የጉድጓዱ ባለቤት ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ አንዱ ሌላውን ያበራል። የወንጌሉ ምሕረት ለወደቀው በሬ ነው፤ ጉድጓዱን ክፍት ትቶ ለሄደው ሰው አይደለም። የፍሬን ዘይቱ ቀለም ሲጠቁር ማክሰኞ ታይቷል። ሸራው ማለቁ ረቡዕ ጮኾ ተናግሯል። መኪናው ቆሞ መዋሉ ገንዘብ ያስቀራል ተብሎ ሁለቱም ታለፉ። ቅዳሜ የመጣው «ድንገተኛ» ችግር ሳምንቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የቆየ ጉድጓድ ነበር።

ደግሞስ ወደ ጉድጓዱ ማን ነው የሚወርደው? ባለመኪናው ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል። በጀርባው የተኛው፣ የፍሬን ዘይት ክንዱ ላይ የሚንጠባጠብበት ረዳቱ ነው። ኦሪት ዘዳግም ሰንበትን ሲያዝ ምክንያቱን ያስቀምጣል፤ ባሪያውና ገረዱ እንደ ጌታቸው እንዲያርፉ፣ እስራኤልም በግብፅ ባሪያ እንደነበረ እንዲያስብ። በሬና አህያም በዝርዝሩ አሉ። የአሁኑም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰባት ቀን ውስጥ ከ24 ሰዓት የማያንስ፣ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። ብዙ ረዳት ግን የጽሑፍ ውል የለውም፤ ለእሱ አዋጁም ኦሪቱም የሚደርሱት በሾፌሩና በባለመኪናው ሕሊና በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ያነሱት ጥያቄ በሾፌሩ መልስ ተሽሮ የሚቀር አይደለም። ወደ ባለመኪናው መሄድ ያለበት ጥያቄ ነው።

ጥላው ሥር ሥራው ቀጥሏል። ሾፌሩ መሪው ጋ ተቀምጧል፣ ረዳቱ ከኋላ ጎማ ሥር ነው። ከፍሬኑ አየር ማውጣት ሁለት ሰው የሚጠይቅ፣ በድምፅ የሚመራ ሥራ ነው።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዝ!»

ረዳቱ ትንሿን ብሎን በኪያቤ ሩብ ዙር ይፈታል። ዘይቱ መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ እየደፈቀ በቀጭን ጎማ ወደ ውኃ ላስቲክ ይወርዳል። ብሎኑን ያጠብቅና «ልቀቅ!» ይላል። ደግሞ እንደገና። አራቱም ጎማ እስኪያልቅ፣ አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ እስኪጠራ፣ ፔዳሉ ከእግር ሥር እንደ ድንጋይ እስኪጠነክር ድረስ ይህ ይደጋገማል። ሽማግሌው ሄደው ነበር፤ ሲመሽ ሳሙናና በጆግ ውኃ ይዘው ተመልሰዋል። ወጣቱ እስከ ክርኑ ሲታጠብ ውኃውን ያፈሱለታል። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ አለ፣ ና» ይሉታል። ሾፌሩ ከመኪናው ጎን ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ተሳፋሪዎቹን የቀጠራቸው ለጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ስልኩን አውጥቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት እንነሳለን ብሎ ይደውላል።