ዓመቱ ስለማይታመን ብር

ሰው ሳይዋሽ ሊያታልል ይችላልን? ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ በአጋሮ አንዲት አሮጊት ከአንገታቸው የፈቱት፥ ማንጠልጠያ የተበየደበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነው። ለቡና ጉዳይ የመጣ አንድ እንግዳ አይቶ ወደደው። እናቲቱም «ልጄ፥ ዓመቱን አንብብለት» አሉኝ። እኔም «1780» ብዬ አነበብሁ፤ የተጻፈው ይኸው ነውና። እንግዳው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቈየ ብርቅ ነገር መስሎት የብሩን ዋጋ ሦስት እጥፍ ከፈለ።

1780 በአውሮጳውያን አቈጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ቍጥር ይዞ ቀረ። ቪየና እስከ ዛሬ ትመታዋለች፤ ሙሶሊኒም በ1935 ማተሚያውን ወደ ሮም አስመጥቶ መቶታል፤ እንግሊዞችም በለንደንና በቦምቤይ። ስለዚህ የእናቲቱ ብር መቼ እንደ ተመታ ከዓመቱ ማወቅ አይቻልም።

ታዲያ ብሩ ሐሰተኛ ነውን? አይደለም። 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር ነው። በአባ ጅፋር ዘመን በሂርማታ ገበያ ይህን ብር የሚቀበል ነጋዴ ስለ ዓመቱ ምን ገዶት! የአገራችን ሰው የሚመረምረው በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፈርጥ እየቈጠረ ነበር። ብሩ ለብርነቱ ሲሸጥ ቍጥሩ ማንንም አላታለለም። ለዕድሜው ሲሸጥ ግን ያው ቍጥር ያታልላል፤ ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ዝምታ ከሻጩ ቃል ጋር ይቈጠራል።

እኔ በልቤ «እናቲቱ ድኻ፥ እንግዳው ባለጠጋ» እያልሁ ራሴን አጽናናሁ። በብሩ ጠርዝ ዙሪያ በላቲን የተጻፈው «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ነው፤ እኔም ምሕረቱን ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከሌላ ሰው ኪስ የሚደረግ ምሕረት ምን ያስከፍላል? ልረዳቸው ከወደድሁ የራሴ ኪስ ነበረልኝ።

ከሁሉ የሚቈጨኝ ሌላ ነው። እናቲቱ ነገሩን አያውቁም ነበር። ቀደም ብዬ ብነግራቸው ኖሮ፥ ምናልባት እርሳቸው ራሳቸው ለእንግዳው በነገሩት ነበር። ሳልጠይቃቸው «አይናገሩም» ብዬ ፈረድሁባቸው።