የኋለኛውን የማይሰማ ዘማሪ

በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ በቤቱ ኮምፒዩተር መዝሙር ለመቅዳት የሚነሣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት መጀመሪያ የሚጠይቀው የትኛው ሶፍትዌር እንደሚሻል ነው። ጥያቄው የዋጋና የኮምፒዩተር አቅም ብቻ ይመስላል። ከዚያ የሚቀድም ሃይማኖታዊ ጥያቄ ግን አለ። ድምፆችን በየትራኩ ለያይቶ፣ አንዱን ዘማሪ ዛሬ ሌላውን ነገ ቀድቶ፣ ኋላ በመደራረብ የሚገኘው ነገር ማኅሌት ነው ወይ? አይደለም እላለሁ። በትራክ ሲቀዳ መደማመጡ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው ዘማሪ የመጀመሪያውን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል፤ የመጀመሪያው ግን ሁለተኛውን አይሰማም፤ ድርሻውን ጨርሶ ሄዷል።

ይህ ጉድለት ከባድ መሆኑን የሚያሳየው የማኅሌቱ ሥርዓት ራሱ ነው። ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ተከፍለው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል። አንዱ ቃል በቁም ዜማ ይባላል፣ በመቋሚያ ይዘመማል፣ ከበሮና ጽናጽል ተጨምሮበት መረግድ ይሆናል፣ ጽፋት ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። መቼና ምን ያህል እንደሚፈጥን አስቀድሞ በቁጥር የተወሰነ ነገር የለም፤ ከበሮ መቺው የመቋሚያውን ውዝዋዜ እያየ፣ ዘማሪዎቹ ከበሮውን እየሰሙ፣ ሁሉም እርስ በርስ እየተጠባበቁ ያደርሱታል። አብዛኞቹ የመቅጃ ሶፍትዌሮች ግን ገና ሲከፈቱ በደቂቃ 120 ምት ብለው ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኦቶቲዩን የተባለው የድምፅ ማረሚያም፣ ተጠቃሚው ካልቀየረው በቀር፣ ድምፅን ወደ 12ቱ እኩል እርከኖች ይስባል። የግዕዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማ ለዚያ ልክ አልተሠራም። መሣሪያው ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ስለ ጊዜና ስለ ድምፅ የራሱን እምነት ይዞ ይመጣል፤ ሳያስተውል የተቀበለውም ሰው ዜማውን ለዚያ እምነት ያስገዛል።

ቤተ ክርስቲያን ዜማን እንዴት እንደምታየው ለመረዳት የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ትውፊቱ እንደሚለው ያሬድ ዜማውን የተማረው ከ24ቱ ካህናተ ሰማይ ነው፤ ማለትም ብቻውን ከሚዘምር ሳይሆን ከጉባኤ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምርም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ያሬድም እስኪጨርስ አልተሰማውም። ንጉሡ ባደረገው አዝኖ የፈለገውን እንዲጠይቅ በፈቀደለት ጊዜ፣ ያሬድ ወደ ገዳም ለመሄድ ለመነ፤ ወደ ስሜንም መጣ። ደባርቅ ላይ ቆመን የምናየው ተራራ በትውፊታችን የያሬድ ማረፊያ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰሚው ከዜማው ውጭ አልቆመም፤ የሰሚውና የዘማሪው ተመስጦ አንድ ሆኖ ነው የተነገረው።

የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች አቅልሎ ማለፍ አይገባም። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክትን እንዳደራጁ ይነገራል፤ ያኔስ ዜማ ከአፍ ተለይቶ በብራና ላይ አልተቀመጠም ወይ? ተቀምጧል። ነገር ግን ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናትና ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች በብራና ላይ ድምፅ የላቸውም። ተማሪው የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ ካልተማራቸው ዝም ይላሉ፤ ስለዚህ ምልክቱ ሰውን ወደ ሰው ይልካል። የበለጠ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ በበዓቱ ብቻውን የሚጸልይ መናኝ ከቤተ ክርስቲያን ማኅበር አልተለየም፤ ታዲያ ብቻውን በማይክ ፊት የዘመረ ለምን ይለያል? ብቸኝነቱን አልነቅፍም። መናኙ ብቻውን መሆኑን አይሸሽግም፤ አንድነቱ በእምነት ነው። ተደራርቦ የተሠራው ቅጂ ግን ያልተሰበሰበ ጉባኤን እንደተሰበሰበ አድርጎ ለሰሚው ጆሮ ያቀርባል። መንገድ ተዘግቶባቸው ወይም በስደት ተበታትነው ሊገናኙ የማይችሉ ዘማሪዎች በየትራኩ ቢቀዱ ደግሞ መልካም ሥራ ነው፤ መዝሙር ተብሎ ይሰማ፣ ያጽናና፤ ማኅሌት ግን አይባል።

እንግዲህ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ ማየት ያለበት ብዙ ማይክ በአንድ ጊዜ መቀበሉንና የምት መስመሩ ሊጠፋ መቻሉን ነው። ሪፐርና አርዶር፣ በርካታ መግቢያ ያለው የድምፅ ካርድ ከተገኘ፣ ሁለቱንም ይችላሉ። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የተነሣው ምት በማቀናበር ስለሆነ ለምት ሥራ ይሻላል። ገንዘብ ለሌለው እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ኦዳሲቲ አለ፤ በቀኝና በግራ በቆሙት ሊቃውንት መካከል ሁለት ማይክ አቁሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያቋርጡ መቅዳት፣ በስምንት ትራክ ተለያይቶ ከተሠራው ይልቅ ለማኅሌቱ የታመነ ነው። ለይቶ መቅዳትን ያለ ቅሬታ የምቀበለው በትምህርት ላይ ነው፦ የኔታ ያሉት በአንዱ ትራክ፣ ተማሪው የደገመው በሌላው ሲቀመጥ፣ ተማሪው ርክርኩን የት እንደሳተ በራሱ ጆሮ ይለያል፤ ከዚያ ሄዶ በፊታቸው ይደግመዋል፣ እሳቸውም ይሰሙታል።