መኪና፣ ብስክሌትና የእግረኛው ድርሻ

መኪና መግዛት ኃጢአት ነውን? ጥያቄው እንዲህ ከቀረበ መልሱ አጭር ነው፤ አይደለም። ነገር ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ገበያ ለመውጣት፣ ልጅን ትምህርት ቤት ለማድረስ፣ ከቤት ወደ ሥራ ለመመላለስ የምንመርጠው መጓጓዣ ከባልንጀራችን ላይ ምን ይወስዳል? የሚለው ነው። ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ነው።

በቢቸናና በሞጣ አብዛኛው ሰው መኪናም ብስክሌትም የለውም። በገበያ ቀን ከየገጠሩ የሚመጣው ሕዝብ በእግሩ ይመጣል፤ ጤፉንና ስንዴውን አህያ ይሸከምለታል፤ አህያ የሌላት ሴት በጀርባዋ ታዝላለች። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ደግሞ የጭነት መኪናውንና አውቶቡሱን ያመጣል። ይህ ሁሉ በአንድ ጎዳና ላይ ይገናኛል። ስለዚህ በሌላ አገር በመኪናና በብስክሌት መካከል የሚደረገው ክርክር በእኛ ዘንድ ሦስተኛ ወገን አለው፤ እርሱም እግረኛው ነው። ዳኝነቱም የሚገባው ለእርሱ ይመስለኛል።

አባቶቻችን መጓጓዣና ክብር የተያያዙ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። የባላባቱ በቅሎ የዘመኑ መኪና ነበረች፤ በእርሷም መታበይ ነበረ፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን በበቅሎ የተቀመጠው ጌታ በአሽከሮቹ እርምጃ ይሄድ ነበር፤ እነርሱ ሲደርሱ እርሱም ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍ ይወርዳል፤ የሚያከብረውን ሰው ሲያገኝም ይወርዳል። መውረድ የሰላምታው አካል ነበር። ዛሬም በብስክሌት የሚሄድ መምህር አንድ አዛውንት ከመንገድ ዳር ቆመው ሲያይ እግሩን መሬት አስነክቶ «እንዴት ዋሉ አባባ?» ለማለት ይችላል። መኪና የያዘው ግን መልካም ልብ ቢኖረው እንኳ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ፍጥነቱ ወስዶት ያልፋል፤ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ለአዛውንቱ የሚተውላቸው በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው። ይህን ስል የሰውዬውን ክፋት ማውራቴ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ ለያዘው ሰው የሚያስተምረው ጠባይ አለ።

ፍጥነትስ ምን ያህል ይጠቅማል? በቪየና የተወለደው፣ በካቶሊክ ካህንነት አገልግሎ በኋላ ከክህነት ሥራው የተለየው ኢቫን ኢሊች እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ በታተመ መጽሐፉ ይህን በስሌት መርምሮታል። አንድ አሜሪካዊ መኪናውን ሲነዳ፣ ማቆሚያ ሲፈልግ፣ ለመኪናው ዋጋ፣ ለነዳጅ፣ ለመድንና ለቀረጥ የሚከፍለውን ገንዘብ ለማግኘት ሲሠራ በዓመት ከ1,600 ሰዓት በላይ ያውላል፤ የሚጓዘው ግን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲካፈል በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከእግረኛ በጥቂቱ ቢበልጥ ነው፤ ከብስክሌት ግን ያንሳል። ቁጥሩ የሌላ አገርና የሌላ ዘመን መሆኑ እውነት ነው፤ የአቆጣጠሩ ስልት ግን ሞጣ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያሰላ ሰውም ይሠራል። በመኪና ያተረፍነውን ሩብ ሰዓት መኪናውን ለመግዛት ከደከምንባቸው ዓመታት ጋር አስተያይተን እናውቃለንን?

ባጃጅን በዚህ ወቀሳ ውስጥ አልጨምረውም። ባጃጅ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን አሮጊቷን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ከነዘንቢሏ የደከመችውን ገበያተኛ ያደርሳል፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም ነው። መኪናም ቢሆን ግድ የሚሆንበት ሰዓት አለ። ምጥ የጠናባት ሴት በሌሊት ከገጠር ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ ስለ ብስክሌት የሚሰብክ ሰው አእምሮውን ስቷል። ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በራሱ እንስሳ ላይ ሲያስቀምጥ እርሱ በእግሩ ሄደ ማለት ነው፤ በስብከታችን ይህችን ነገር ብዙ ጊዜ እናልፋታለን።

በዓለም ጤና ድርጅት ዘገባ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። በአዲስ አበባ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፤ ማለትም በመኪናው ያልተጠቀሙት። ቅድስት መንበር በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስለ መንገድ ሐዋርያዊ አገልግሎት ባወጣችው መመሪያ ለአሽከርካሪዎች ዐሥር ትእዛዛት አቅርባ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ መኪና የኃይልና የበላይነት ማሳያ እንዳይሆን ይከለክላል። አንዳንዶች በጊዜው እንደ ቀልድ አዩት። በደረቱ ላይ መስቀል፣ በመኪናው መስተዋት ላይ መቍጠሪያ አንጠልጥሎ እግረኛን ከአስፋልት የሚያባርር ሰው ላጋጠመው ግን ነገሩ ቀልድ አይደለም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በ2007 ዓ.ም. ስለ ፍጥረት ጥበቃ በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ መኪኖች ከተማን እንዴት እንደሚያጨናንቁ አንሥተው የሕዝብ ማመላለሻ እንዲቀድም አሳስበዋል። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ጭሱን ይቀንስ ይሆናል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደውም መኪና ግን ያንኑ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ሰው ሲገጭም ያው ነው።

መንገድ ለእግረኛ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ከሞጣ ወደ ዓባይ ይውረድ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ሰባራ ድልድይ ተባለ። ገበያተኛው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ ማዶ ሰዎች እየጎተቱት ይሻገር ነበር። ከ1990ዎቹ ወዲህ በበጎ አድራጊዎች እገዛ የእግር መሻገሪያ ተሠርቶለታል። ድልድዩ ለመኪና የሚሆን አይደለም፤ የሁለቱን ማዶ ዘመድና ገበያ ግን ያገናኛል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. ዋና ዋና ጎዳናዎችን በአንዳንድ እሑድ ለመኪና ዘግታ ለሕዝብ ስትከፍት ቀኑን «መንገድ ለሰው» ብላ ሰይማዋለች።

ብስክሌትን ከመጠን በላይ ማመስገንም አይገባም። በክረምት በመረሬው ጥቁር አፈር ጎማው ይዋጣል፤ ዳገቱም ቀላል አይደለም፤ ከኋላ መጫኛው ላይ ግማሽ ኩንታል ቢታሰር ነጂው ወርዶ መግፋቱ አይቀርም። የባሕር ዳር ሕዝብ በብስክሌት የታወቀው መሬቱ ሜዳ በመሆኑ ጭምር ነው፤ እዚያም ቢሆን ባጃጅ ከበዛ ወዲህ የብስክሌቱ ቍጥር ቀንሷል። ይሁን እንጂ በከተማ ውስጥ ላለው አጭር መንገድ፣ ለጨውና ለስኳር፣ ለዘይትና ለሽንኩርት፣ ለትምህርት ቤት ምልልስ ብስክሌት ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ፣ ነዳጅ የማይጠይቀው መጓጓዣ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ብዙዎች አይተዋል።

ታዲያ ለምን አይበዛም? ዋጋው አንድ ምክንያት ነው፤ ሌላው ግን ኩራት ነው። ሹመት ወይም ትልቅ ሱቅ ያለው ሰው በብስክሌት ቢታይ «ምነው፣ ተቸገረ እንዴ?» ይባላል፤ ብስክሌት የልጆች መጫወቻ ተደርጎ ይቆጠራልና። ከዚህ የከፋው ደግሞ በቤት ውስጥ ያለው ነው። አባት እንደ ምንም ቆጥቦ አንድ ብስክሌት ቢገዛ የሚሰጠው ለወንዱ ልጅ ነው፤ ለሴት ልጅ ነውር ነው ይባላል። ባሕር ዳር ላይ ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው በብስክሌት ገበያ ሲሄዱ ነውር ያልሆነው ሞጣ ላይ እንዴት ነውር እንደሚሆን የሚያስረዳ ሰው አላገኘሁም። ውኃ የሚቀዳው፣ ወፍጮ ቤት የሚኬደው፣ ከገበያ ዕቃ የሚመጣው በአብዛኛው በእርሷ ጀርባ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ፍትሕ በምታስተምሩበት ቀን ይህን ለልጆቹ አቅርቡላቸው፤ በቤት ውስጥ አንድ ብስክሌት ቢኖር ማን ይያዘው? ወንዶቹ ከመመለሳቸው በፊት ሴቶቹ ልጆች ይናገሩ።